ለረጅም ጊዜ ሥራ ስላልሠሩ

«በአንድ ወር ውስጥ አርባ አንድ ጊዜ ሥራ ፈትተሽ ተገኝተሻል። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ ማሽኑ ነው።»

ይህን የሰማሁት ከመዝገብ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ በር ውጭ፣ ላፕቶፔን አቅፌ ቆሜ ነው። በሩ ከታች በኩል በውኃ ተበልቶ አልቋልና ውስጥ የተነገረ ሁሉ ኮሪደር ላይ ይሰማል። ማሽኑ የሚለው የእኔን ማሽን ነው። በዚህ መሥሪያ ቤት የከተማው ቤቶች ሁሉ ፕላንና ማህደር ተደርድሮ ይኖራል፤ የትኛው ማህደር የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ የሚናገረውን ሲስተም ከሦስት ዓመት በፊት የሠራሁት እኔ ነኝ። ሰው ሥራሽ ምንድን ነው ሲለኝ ስለሱ አውርቼ አልጠግብም፤ ጓደኞቼ «ጀመረች» ብለው እስኪሸሹኝ ድረስ እኮራበታለሁ። አሁን ስሙ ተጠርቶ ሰው ሲከሰስበት ስሰማ ደሜ ፈላ። ከውስጥ የሴት ድምፅ፣ «እኔ እኮ ከወንበሬ ንቅንቅ ብዬ አላውቅም፤ ውኃ እንኳ የማልጠጣው መነሳት እንዳይመጣ ብዬ ነው» አለ። «እንግዲያው ይህንኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለዲሲፕሊን ኮሚቴው ታስረጃለሽ» አለ የወንዱ ድምፅ። «ከዚህ በፊት የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጽፎልሻል። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቂዋለሽ፤ ስንብት ነው።»

በሩን ከፍታ የወጣችው እትዬ ሦስት ናት። መስኮት ቁጥር ሦስት ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስለተቀመጠች ባለጉዳዩም ባልደረባውም የሚጠራት እንዲያ ነው። ባሏ ከታመመ ወዲህ ቤቱ በእሷ ደመወዝ ብቻ እንደሚያድር ፎቁ ሁሉ ያውቃል። ዓይኗ ቀልቷል፤ ግን አላለቀሰችም፤ የምታለቅስ ዓይነትም አይደለችም። አየችኝና፣ «መጣሽ? በይ እስቲ ያንን ማሽንሽን ጠይቂልኝ፣ ምን በድዬው ነው?» ብላኝ አለፈች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ወር ወዲህ እትዬ ሦስት ሥራ ላይ እያለች፣ ጣቷ ኪቦርዱ ላይ እያለ፣ ሲስተሙ ድንገት ያስወጣታል። ባለጉዳይ ፊቷ ቆሞ፣ የማህደሩን ቁጥር ግማሽ ጽፋ፣ ገጹ ድርግም ይልና «ለረጅም ጊዜ ሥራ ስላልሠሩ ከሲስተሙ ወጥተዋል። እባክዎ እንደገና ይግቡ።» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። እንደገና ትገባለች፤ አንዳንድ ቀን ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ ያስወጣታል። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ተናደደች። ከዚያ እንደ ደንበኛ የቢሮ ሰው ማስረጃ ይሁነኝ ብላ በወጣች ቁጥር ገጹን እያተመች፣ ዳሩ ላይ ቀኑንና ሰዓቱን በእስክሪብቶ ትጽፍበት ጀመር። የወሩ ወረቀት አርባ አንድ ሲሞላ በክሊፕ አስራ «ይኸው ይታይልኝ» ብላ ለሥራ አስኪያጁ አቀረበች። እሱ ያየው ግን የታተመውን ዓረፍተ ነገር ነው። ሥራ ስላልሠሩ። አቤቱታ ብላ ያስገባችውን ወረቀት ክስ አድርጎ መለሰላት።

እኔስ ብሆን የት ነበርኩ? አንድ ሳምንት ሙሉ ከባልደረቦቼ ጋር ከመስታወት ቤት በላይ ከተከራየናት አንዲት ክፍል ሆኜ በስልክ ስመክራት ነበር። አንድ ሰው ሲስተሙ ላይ ሥራ ሳይሠራ ሃያ ደቂቃ ከቆየ እንዲወጣ አድርጌ ነው የሠራሁት፤ ጠላፊ እጅ እንዳይገባ። ሃያውን ስልሳ አደረግኩት። አልሆነም። አራት ሰዓት አደረግኩት። አልሆነም። «ብሮውዘሩን አጽጂው» አልኳት፤ አጸዳችው። «አጥፍተሽ አብሪው» አልኳት፤ ይቺን የምንለው ምንም ሳናውቅ ስንቀር ነው። የኮምፒውተሩ ሰዓት ተዛብቶ ይሆናል ብዬ ሰዓቱን አስተካከልኩ። ምንም። ዛሬ ጠዋት ታዲያ፣ በአካል ሄጄ አጠገቧ ተቀምጬ ካላየሁት ሞቼ እገኛለሁ ብዬ መጣሁ።

ሥራ አስኪያጁን ሠራተኛው በስተጀርባው አቶ ክትትል ይለዋል፤ ሦስት ቃል ከተናገረ አንዱ «ክትትል» ስለሆነ ነው። ክፉ ሰው ነው ማለት አልችልም፤ ወረቀት ላይ የተጻፈ ሁሉ እውነት የሚመስለው ሰው ነው። ከጀርባው ግድግዳ ላይ ትልቅ ባለቀለም ሰንጠረዥ ለጥፏል፤ «የጠፉ ማህደሮች ቁጥር» ይላል፣ መስመሩ ከላይ ጀምሮ ከስምንት ወር ወዲህ ሽቅብ ሳይሆን ቁልቁል ይወርዳል። ከሥሩ «በተጠናከረ ክትትል የተገኘ ውጤት» ተብሏል። ያ ሰንጠረዥ እኔንም ደስ ያሰኘኛል። ወረቀቱ ወደ ሲስተሙ ሲገለበጥ በጊዜያዊነት የተቀጠሩ ልጆች የመደርደሪያ ቁጥር እየተሳሳቱ አስገብተው ነበር፤ ዘጠና ሺህ ማህደር ባለበት ቤት ቁጥሩ የተሳሳተ ማህደር ጠፋ ማለት ነው። ባለጉዳዩ «ሲስተሙ ፋይል ይበላል» እያለ ስሜን አጠፋው። አቶ ክትትል ወንበር ሳያቀርብልኝ አንድ ወረቀት ገፋ አደረገልኝ። «በሲስተሙ ላይ ምንም ዓይነት ችግር አለመኖሩን አረጋግጣለሁ» ይላል። «ፈርሚልኝ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አያይዘዋለሁ። ውላችሁም በዚህ ወር እንደሚታደስ አትርሺ» አለኝ። «አይቼ ልፈርም» አልኩት። «ምኑን ነው የምታዪው? አንቺው የሠራሽው!» አለኝ።

የመስኮቶቹ ክፍል ረጅምና ጠባብ ነው፤ አምስት መስኮት፣ አምስት ወንበር፣ በላያቸው የሚንጫረር አንድ አምፖል። ከመስታወቱ ወዲያ ባለጉዳዮች በእጃቸው ሰማያዊ ደረሰኝ ይዘው ተደርድረዋል። ከእትዬ ሦስት ጎን የተሰበረ ክንድ ያለው ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ፎቁ ሥር ያለችው ሻይ ቤት ልጅ ሁለት ሻይ አስቀምጣልን፣ ባለ አምስቱ ሻይ ሰባት መግባቱን ነገረችን፤ እትዬ ሦስት «ሻይም ሸሸችን» ብላ ሁለቱንም ከፈለች፤ ልከለክላት ብል አቃተኝ። ከዚያ፣ «አይ ጋሼ! ጋሼ ቢኖር ይኼን ያደርጉኛል?» አለች፤ ወደኔ ሳትዞር። ጋሼ የምትለው አባቴን ነው።

አባቴ እዚሁ ቤት ሠላሳ አራት ዓመት ሠርቶ የማህደር ክፍል ኃላፊ ሆኖ ነው ጡረታ የወጣው፤ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። የሰው ስም ሲጠሩለት የማህደሩን መደርደሪያ በቃሉ የሚናገር ሰው ነበር። የወጣው ዕድሜው ደርሶ ነው፤ ሰው ግን «ልጁ ናት በማሽን ያስወጣችው» እያለ ቀለደበት፤ ቀልዱ ጆሮው ደርሷል፣ ጆሮዬም ደርሷል። እናቴ ካረፈች ወዲህ አንድ ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነው የምንኖረው። ስለ ዳቦ እናወራለን፣ ስለ ደረጃው አምፖል እናወራለን፤ ስለ ሲስተሙ ግን በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ጥሩ ነው አላለኝ፣ መጥፎ ነው አላለኝ። አንዳንዴ ምነው ተቆጥቶ በገላገለኝ እላለሁ።

ወደ ሥራዬ ገባሁ። አንድ ሰው ሲገባ ሲስተሙ እንደ ወረፋ ቁጥር ያለ ነገር ይሰጠዋል፤ ገጽ በከፈተ ቁጥር ቁጥሩን ያሳያል፣ ቁጥሩ ከተሰረዘ በር ላይ ይቀራል። የእትዬ ሦስትን ቁጥር የሚሰርዘው ማን ነው? ስሠራው ያላሰብኩበት ነገር ቢኖር ይኼ ነው፤ ሰው መውጣቱን እንጂ ለምን እንደወጣ የትም አልመዘግብም ነበር። ያውም ለመዝገብ ቤት በሠራሁት ሲስተም! ግማሽ ሰዓት ፈጅቼ ጨመርኩት፤ በወጣ ቁጥር ምክንያቱንና ያስወጣውን ኮምፒውተር አድራሻ እንዲጽፍ። ከዚያ ጠበቅን። አንዲት አሮጊት የግቢያቸውን ፕላን ሲጠይቁ፣ እትዬ ሦስት ቁጥሩን እየጻፈች፣ አራት ሰዓት ካለፈ አሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ ገጹ ድርግም አለ። «አየሽ? አየሽልኝ? እጄን አየሽ?» አለች፤ እጆቿን ወደ ላይ አንስታ፣ እንደተማረከ ሰው። አየሁ። በዓይኔ በብረቱ አየሁ። ሥራ ላይ ያለች ሴት «ሥራ ስላልሠሩ» ተብላ ተባረረች።

መዝገቡን ከፈትኩት። ጊዜ አልፎባት አይደለም የወጣችው። «በዚሁ መግቢያ አዲስ ሰው ስለገባ» ይላል። ያኔ ሁሉ ነገር ተገለጠልኝ። እዚህ ቤት መግቢያው፣ ማለት ሲስተሙን የሚከፍተው ስምና የይለፍ ቃል፣ በሰው አይደለም፤ በመስኮት ነው። ማህተሙ የመስኮቱ፣ ወንበሩ የመስኮቱ ስለሆነ መግቢያውም የመስኮቱ ይሁን ብለው ድርቅ ሲሉብኝ እሺ ብዬ ነው። በአንድ መግቢያ ሁለት ሰው እንዳይሠራበት ደግሞ እኔ ሕግ አወጣሁ፤ አዲሱ ሲገባ የቀድሞው ይውጣ። የሚወጣበት ምክንያት ሦስት አራት ሆኖ ሳለ፣ ርክክቡ ደርሶ ስለተጣደፍኩ፣ ለሁሉም አንዲቷን ዓረፍተ ነገር ገለበጥኩላቸው። ስንፍና ነው እንጂ ሌላ ስም የለውም። ስለዚህ እትዬ ሦስትን ያስወጣት በመስኮት ሦስት የይለፍ ቃል ሌላ ቦታ ሆኖ የገባ ሰው ነው። ማነው ይኼ ሌባ ብዬ አድራሻውን አየሁ። ከሕንፃው ውጭ ነው። እንደገና አየሁት። ሦስተኛ አየሁት። አድራሻውን አውቀዋለሁ። ከቤት እየሠራሁ እንዳይቋረጥብኝ ብዬ፣ በየወሩ ተጨማሪ እየከፈልኩ የማይለዋወጥ የኢንተርኔት አድራሻ ያስገባሁት እኔው ነኝ። የቤታችን ነው።

«ምነው? ተገኘ እንዴ?» አለችኝ እትዬ ሦስት። ላፕቶፔን ከደንኩ። «እየመጣሁ ነው» አልኳት፤ «ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እመጣለሁ፣ አይዞሽ።» «ኧረ እንዳትቀሪብኝ!» አለች፤ ይኼን ጊዜ ድምፅዋ ተሰበረ። እሷ መልሳ ገባች፤ ሳልወጣ በሩ ላይ እያለሁ እንደገና ገጹ ድርግም ሲልባት ሰማሁ፤ ማለት «ወይኔ!» ስትል ሰማሁ። ሁለት ሰዎች ሳይተያዩ ከከተማው ዳርና ዳር አንድ ወንበር እየተነጣጠቁ ነበር።

የታክሲው ሰልፍና መንገድ ሁለት ሰዓት ሲፈጅብኝ ብዙ አሰብኩ፤ አብዛኛው የማያኮራ ነበር። የይለፍ ቃሉን ብቀይረውስ? ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሲስተሙ ተስተካክሏል እላለሁ፤ አባቴ ነገ ሲሞክር እምቢ ይለዋል፤ ዝም ይላል፣ ዝም ማለት እንደሆነ ያውቅበታል። ማንም አይሰማም። ውላችንም ይታደሳል። አርባ አንዱ ወረቀት ግን እንዳለ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ደርሼ በሩን ስከፍት ስድስት ሰዓት ከሩብ ነበር። አባቴ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ዳቦ እየቆረጠ ነው። ኮቱን ለብሷል። በቤት ውስጥ፣ በሥራ ቀን፣ ኮት። ስንት ወር ሙሉ ምሳ ሰዓት ላይ መጥቼ ስለማላውቅ አላየሁትም። ጠረጴዛው ጥግ «ዜና አንብብበት» ብዬ የሰጠሁት አሮጌ ላፕቶፕ ተከድኗል፤ በላዩ የዳሩ ቆዳ የተላላጠ ትልቅ ደብተር ተጭኗል። ስድስት ሰዓት ላይ ሥራ ጨርሶ ከድኖታል፤ መሥሪያ ቤቱ ለምሳ የሚዘጋበት ሰዓት ነው።

ተቀመጥኩ። አንድ ቁራሽ ወደኔ ገፋ አደረገልኝ። ከታች የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል። ሁለታችንም ዳቦውን እናያለን። ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የምንበላው።

«አባዬ፣ ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ምን ስትሠራ ነበር?»

ቢላዋው ቆመ። እንደሱ ያለ ሰው አይዋሽም፤ ቢሞክርም አይችልበትም። «ደረስሽበት» አለ። ደብተሩን አንስቶ ፊቴ አስቀመጠው። ከፈትኩት። በዚያ በማውቀው፣ ትምህርት ቤት ስሄድ ደብተሬን ይለብጥ በነበረበት እጁ፣ ገጽ በገጽ ተጽፏል፤ የማህደር ቁጥር፣ የተሳሳተው መደርደሪያ፣ ትክክለኛው መደርደሪያ፣ የተስተካከለበት ቀን። ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ማህደር። የአቶ ክትትል ሰንጠረዥ ለምን ቁልቁል እንደወረደ እዚያው ገባኝ። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

«በመስኮት ሦስት የይለፍ ቃል ነው?» አልኩት። «ጡረታ ልወጣ ስል ያቺ ልጅ ጎን ቁጭ ብዬ ነበር ሲስተሙን የለመድኩት። ቃሉን አልተቀበሉኝም፣ ማለቴ መልስ አላሉኝም» አለ። ተንተባተበ፤ አባቴ ሲንተባተብ ሰምቼ አላውቅም። «አስቸጋሪ ነው ግን። ከሁለት ወር ወዲህ፣ ማታ ማታ መሥራቱን ትቼ በሥራ ሰዓት ካደረግኩት ወዲህ፣ አንድ ቁጥር አስተካክዬ ሁለተኛው ላይ ስደርስ ለረጅም ጊዜ ሥራ ስላልሠሩ ይለኝና ያስወጣኛል። በአንድ ጣት ነዋ የምጽፈው። ቀርፋፋ ነኝ ብዬ ልምምድ ጀመርኩ። አሁን በሦስት ጣት ሆኗል።»

እትዬ ሦስት መልሳ ስትገባ እሱ ይወጣል፤ ሲወጣ የሚያየው ያንኑ የእኔን ዓረፍተ ነገር ነው። ዓመት ከመንፈቅ ጡረታ የተቀመጠ ሰው፣ ኮቱን ለብሶ፣ በየጠዋቱ። «አባዬ፣ ለአንተ የጻፍኩት መሰለህ?» አልኩት።

«አንቺ እንደጻፍሽው አውቃለሁ» አለ። «ደግሞ ውሸት አይደለም። ሥራ ካቆምኩ ቆየሁ። ልክ ናት ብዬ እንደገና እገባለሁ።»

ለምን እንደሚያደርገው ጠየቅኩት። ፍርፋሪውን በመዳፉ ሰበሰበ። ከዚያ ባለፈው ዓመት ፀጉር ቤት ተቀምጦ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ መስማቱን ነገረኝ፤ «ሲስተሙ ፋይል ይበላል፤ አንዲት ልጅ እግር ናት አሉ የሠራችው» ሲሉ። ፀጉሩን ግማሽ ተቆርጦ ሊነሳባቸው ነበር። «ልጄ የሠራችው ፋይል አይበላም» አለኝ፤ ለእኔ ሳይሆን ለነዚያ ሰዎች እንደሚመልስ ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ሲስተሙን ገልብጬ ገልብጬ አየሁት፤ እንከን የለውም። የተሳሳቱት ቁጥር የገለበጡት ናቸው። ቁጥሩን ደግሞ እኔ አውቀዋለሁ። ታዲያ እያወቅኩ ስምሽ ይጥፋ?» «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። «ምን ልበልሽ? ሥራሽ ላይ ስህተት አገኘሁ ልበልሽ?»

ሦስት ዓመት የጠበቅኩት ቃል ይኸው መጣ፤ እንከን የለውም። በዚህ ቀን ባይመጣ ምን ነበረበት! እንከኑን አሁን የምነግረው እኔ ነኝና። ነገርኩት። እትዬ ሦስትን፣ ወረቀቶቹን፣ ዘጠኝ ሰዓትን። ስናገር ፊቱ አመድ መሰለ። አላወቀም ነበር፤ እሱ ሲገባ ሌላ ሰው እንደሚወጣ ማንም አልነገረውም፤ ሲስተሙም፣ ማለት እኔም፣ አልነገርነውም። «ያቺ ልጅ» አለ፤ «አንድ ፋይል ያላሳሳተች ልጅ።» የይለፍ ቃሉን ቀይሬ ተስተካክሏል ማለት እንደምችል፣ ስሙ ሳይነሳ ሊያልቅ እንደሚችል፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ነገርኩት። አየኝ። «አርባ አንዱስ ወረቀት?» አለ። ተነሳ፤ የኮቱን ትከሻ በእጁ ጠራረገ፤ ደብተሩን ብብቱ ሥር አደረገ። «ዳቦውን ሸፍኚው» አለኝ።

በር ላይ ያለው ዘበኛ አዲስ ነው፤ አባቴን አያውቀውም። ሠላሳ አራት ዓመት ሰላም እየተባለ የገባበትን በር፣ መታወቂያ አስይዞ፣ ኪሱ ተፈትሾ፣ የእንግዶች መዝገብ ላይ ተጽፎ ገባ። ዘበኛው «እዚህ ስም፣ እዚህ ደግሞ ማንነት፤ የሥራ ድርሻ ማለት ነው» እያለ በጣቱ ሲያሳየው፣ መዝገብ አሞላል ለአባቴ ሲያስተምር፣ እኔ ተሳቅቄ ዞር አልኩ። አባቴ ግን ጎንበስ ብሎ ረጋ ብሎ ሞላው።

የኮሚቴው ስብሰባ ያው የአቶ ክትትል ቢሮ ነው፤ ሁለት አባላት ከጎንና ከጎን ተጨምረዋል። እትዬ ሦስት ግድግዳው ሥር ቆማለች፤ ወንበር አልተሰጣትም። አባቴን ስታይ «ጋሼ!» ብላ ልትጮህ ነበር፤ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። አቶ ክትትል ብድግ አለ፤ «አባቴ፣ በደኅና ነው?» እያለ። አባቴ ሰላምታውን ተቀበለ፤ ወንበሩን አልተቀበለም።

«አርባ አንድ ጊዜ ያስወጣኋት እኔ ነኝ» አለ። ምን መቅድም፣ ምን ማብራሪያ። «ከቤቴ ሆኜ በመስኮት ሦስት ስገባ እሷ ትወጣለች። ይህን ዛሬ ነው ያወቅኩት። ስሰናበት ክሊራንስ ሞልቻለሁ። አምስት ቁልፍ፣ አንድ ማህተም፣ አንድ ካልኩሌተር፣ አንድ መሰላል አስረክቤ ሁሉም ፈርሞልኛል። የይለፍ ቃል የሚል ቦታ ፎርሙ ላይ የለም። ቦታ ባይኖረውም የመሥሪያ ቤት ንብረት ነው፤ መመለስ ነበረብኝ። ባዶ ክሊራንስ ይምጣልኝ።» ጸሐፊዋ ሮጣ አመጣች። አባቴ መሰላል ከሚለው ሥር በማስመሪያ አንድ መስመር አሰመረ፤ «የመስኮት ሦስት የይለፍ ቃል፣ አንድ» ብሎ ጻፈና ፈረመ። ማን ይረከበው? አቶ ክትትል እስክሪብቶውን ይዞ ወደኔ አየ፤ እኔም እዚያው ቆሜ ቃሉን ቀይሬ «ተረክቤያለሁ» ብዬ ፈረምኩ።

ከዚያ የእኔ ተራ ሆነ። «ችግር የለበትም» የሚለውን ወረቀት ሳልፈርም መለስኩለት። ጥፋቱ ተከፍሎ ከተቆጠረ የአባቴ አንድ ነው፣ የእኔ ሁለት፤ ሰው ለምን እንደወጣ ባለመመዝገቤና የማይገባውን ሁሉ ሥራ ፈት የሚል ዓረፍተ ነገር በመጻፌ፣ አልኩት። የዛሬውን ጠዋት መዝገብ አትሜ ይዤ ነበር፤ ፊቱ አስቀመጥኩለት። አቶ ክትትል ወረቀት ላይ የተጻፈ ያምናል አላልኳችሁም? አነበበው፤ አመነው። ከዚያ የአባቴን ደብተር ገለጠ፤ አንዴ ደብተሩን፣ አንዴ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰንጠረዥ እያየ ብዙ ቆየ። እትዬ ሦስት ከግድግዳው ሥር፣ «ለካ ክትትሉ ከቤት ነበር» አለች። ከኮሚቴው አባላት አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

አቶ ክትትል ጆሮው ድረስ ቀላ። ግን የሱንም ልንገራችሁ፤ አርባ አንዱን ወረቀት ከማህደሯ አወጣ፣ የማስጠንቀቂያውን ደብዳቤ ጨምሮ ለራሷ ለእትዬ ሦስት በሁለት እጁ ሰጣት። «ይቅርታ» የሚለውን ቃል ሲፈልግ አፉ ትንሽ ተቸገረ፤ አገኘው ግን። ከዚያ አባቴን፣ «ስንት ይቀራል?» ብሎ ጠየቀው። «ሁለት መቶ የሚሆን።» «ለሦስት ወር በኮንትራት ደብዳቤ ባጽፍልዎ ይጨርሱልናል?» አባቴ አሰበበት። ደስታውን እንዳያሳይ ሲታገል አየሁት፤ ጢሙ ብቻ አሳበቀበት። «በራሴ ስም መግቢያ ከተሰጠኝ» አለ።

መሥሪያ ቤቱ ሊዘጋ ሲል ሦስታችን መስኮት ሦስት ላይ ተቀምጠን ያቺን ዓረፍተ ነገር አጠፋሁ። ባዶ ቦታዋ ላይ ምን እንጻፍ? አባቴ ሠላሳ አራት ዓመት ደብዳቤ ያረቀቀ ሰው ነውና፣ «የተከበሩ ተጠቃሚ፣ ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው» ብሎ ጀመረ። «ጋሼ፣ ባለጉዳይ እኮ ቆሞ ነው የሚጠብቀኝ!» አለች እትዬ ሦስት። ተሳሳቅን። እሱ ሲያስረዝም፣ እሷ ስታሳጥር፣ እኔ ስጽፍ፣ መጨረሻ ላይ ይኼ ቀረ፦ «በዚህ መግቢያ ሌላ ሰው ስለገባ ወጥተዋል። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም።» እትዬ ሦስት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ከዚያ «አትሚልኝ» አለች፤ አርባ ሁለተኛ አድርጋ ከወረቀቶቿ ላይ በክሊፕ አሰረችው።

ስንወጣ ዘበኛው መታወቂያችንን ሊመልስ የእንግዶቹን መዝገብ ወደኔ አዞረው፤ የመውጫ ሰዓት ላይ ፈርሚ ብሎ። የአባቴን ስም ፈልጌ አገኘሁት፤ በዚያ መዝገብ ላይ እንደሱ ያማረ የእጅ ጽሑፍ የለም። ማንነት በሚለው ዓምድ ሥር ጡረተኛ ብሎ ይሆናል፣ ወይም የቀድሞ የማህደር ክፍል ኃላፊ ብሎ ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ሠላሳ አራት ዓመት እኮ ነው፤ ቢጽፈው ያምርበታል። ጥፋቱን ሊናዘዝ ጎንበስ ብሎ ሲሞላው የጻፈው ግን፣ ከዓምዱ ተርፎ እስከ ዳሩ በሄደ ረጅም መስመር፣ «የሲስተሙ ሠሪ አባት» የሚል ነው። እስክሪብቶውን ይዤ ፈዝዤ ቀረሁ። አባቴ በሩን አልፎ መንገድ ዳር ደርሷል፤ ዞር ብሎ፣ «ምን ይገትርሻል? ታክሲው ሊያመልጠን ነው እኮ!» አለኝ።